የውዴታ ግዴታ በቴምስ ዳር

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ሴቶችን «እሷ» እላለሁ። አንደኛዋ እናቴ ናት። እናቴን «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ልጇ ስለሆንኩ ያ የእኔ መብት ነበር። ሁለተኛዋ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ናት። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፣ ፀጉሯ ጥጥ መስሏል፣ ለንደን ውስጥ የሚያውቃት ሐበሻ ሁሉ «እርስዎ» ይላታል። እኔ አልላትም። ፊት ለፊት ስንገናኝ እንኳ «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ሳልል፣ «ሻይ ይቀዳ?»፣ «ወንበሩ ይምጣ?» እያልኩ ዓመታት አሳልፌያለሁ። እንዲህ እየተጠነቀቁ መናገር ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል።

ምክንያቴ ይህ ነው። ገና ኮረዳ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ በምንኖርበት ቀበሌ፣ እሑድ እሑድ ቦይ ይቆፈር ነበር። «የውዴታ ግዴታ» ይባላል። ወደህ ትመጣለህ፤ ካልወደድክም ተገደህ ትወዳለህ። ሊቀመንበሯ ያኔም ሊቀመንበር ነበረች፤ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር። ወጣት ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ታንጠለጥላለች። በየደጁ እየዞረች ትነፋዋለች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ረጅሙ ሳያልቅ ያልወጣ ሰው በሩ በርግጫ ይከፈትበታል።

እናቴ ያን ሰሞን ወገቧን ታማ ነበር። ትንሽ ከቆፈረች በኋላ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሊቀመንበሯ መጣችና «ተነሺ!» አለቻት። ሰፈሩ በሙሉ «እርስዎ» የሚላትን ሴት፣ እናቷ ልትሆን የምትችለውን ሴት፣ «ተነሺ» አለቻት። እናቴ ቀና ብላ «ትንሽ ልረፍ፣ ልጄ» አለች። ሊቀመንበሯ አካፋውን አዙራ በእጀታው አፏ ላይ መታቻት። ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ጭቃው ላይ ወደቁ፤ ሦስተኛው እዚያው ድዷ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ደሙ በአገጯ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው። እኔ የወደቁትን ጥርሶች ፈልጌ አነሳሁ፤ ምን እንደማደርጋቸው ግን አላውቅም ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። ስትሞትም እጇ አፏ ላይ ነበር።

ያችን ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር፣ የማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ አገኘኋት። አንድ ቀን ለምሳ ስገባ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወንበር የሚደረድሩትን ሴቶች ታዛለች። ፊቷን ሳላይ በአቋቋሟ አወቅኋት። ሰው በተሞላበት አዳራሽ መሀል «የእናቴን ጥርስ ያረገፍሽው አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሊቀመንበሯ አልደነገጠችም። «የኔ ልጅ፣ ሰው ተሳስተሻል። እኔ በሕይወቴ ቀበሌ ረግጬ አላውቅም» አለች፤ ድምፅዋ ማር ነበር።

ሴቶቹ ያዙኝ። ይዤ የመጣሁትን የምሳ ሳህን ከእጄ ላይ ቀሙኝ። ከሳምንት በኋላ ሽምግልና ተቀመጠብኝ። ክሱ ምን እንደነበር ማን ይገምታል? የጥርሱ ነገር አልተነሳም። ክሱ «ትልቅ ሰው ‹አንቺ› ብላለች» የሚል ነበር። ከክሮይደን በባቡር የመጣው ሽማግሌ «ሰው ይመሳሰላል። ጊዜውም ክፉ ነበር። ተነሺና ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ። ጠየቅኩ። ጉልበቷ ላይ ስደፋ ያስጠጋሁት ከንፈሬን አይደለም፣ የነከስኩትን ጥርሴን ነው። እሷም እጇን ራሴ ላይ ጭና «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። ሽማግሌው አምና ሞተ። ለቅሶው አልሄድኩም፤ አርባውም ላይ አልተገኘሁም።

ለምን ከማኅበሩ አልወጣሽም የሚሉኝ አሉ። እኔ የምፈልገው አንዲት ቃል ነበረች። «መታሁ» እንድትል። ይህን ሳትናገር ከሞተች እናቴ ያልተመታች ልትሆን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ እየሄድኩ፣ ከማዶ ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ ስትጎርስ አያታለሁ። ስታስል እሰጋለሁ።

እንዲህ እያለን አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ የአዳራሻችንን ማሞቂያ አደሰልን። ሐበሻ ስጦታን ያውቃል፤ ከስጦታ በኋላ የሚመጣውንም ያውቃል። በሁለተኛው ወር ከኩባንያው አንዲት ሳቂታ ልጅ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። የቴምስ ወንዝ ባሕር መሆን በሚጀምርበት፣ በከተማው ምሥራቅ ጫፍ፣ ማዕበል የሚበላው የጨው ረግረግ አለ አለችን። ጭቃው ላይ ችካል ይተከላል፣ በችካሎቹ መሀል ጭራሮ ይታሰራል፤ ጭራሮው ማዕበሉን ሲያበርደው ደለል ይቀመጣል፣ ሣሩ ይበቅላል፣ ወፎቹ ይመለሳሉ። የኩባንያው ሠራተኞችና የእኛ ማኅበር አንድ ላይ አንድ ቀን ያለ ክፍያ፣ በፈቃዳችን ቮለንቲር ብናደርግ እንዴት ደስ ይላል!

ሊቀመንበሯ ቆማ ታስተረጉም ነበር። ወፎቹንም ጭራሮውንም በደንብ ተረጎመች። «ቮለንቲር» ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይሄ እንግዲህ... የውዴታ ግዴታ ማለት ነው» አለች።

 በዕድሜ የገፉት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ጉልበቷን የምትታመመው ጎረቤቴ፣ «እንግዲያው ፊሽካውም ይምጣ!» ብላ ጮኸች። ሳቂታዋ ልጅ ገለጻዋን የወደድንላት መስሏት አጨበጨበች። እኔ አልሳቅኩም፤ የሊቀመንበሯን ፊት ነበር የማየው። ቃሉን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እሷ ግን የተናገረችው እንደታዘዘ ሰው አልነበረም። እንዳዘዘ ሰው ነበር።

«የማይመጣ ካለ ምክንያቱን አሁን ይናገር» ብላ ጨመረች።  እሷ ፊት ማንም ተናግሮ አያውቅም።

ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር በትልቅ አውቶቡስ ተነሳን። ለሁላችንም አረንጓዴ ካናቴራና የጎማ ቦት ታደለን። ካናቴራው ለጎረቤቴ ጉልበቷ ድረስ መጣ። «ሬሳ የሚገነዙበትን ነው የሰጡኝ?» አለች።

«ዝም በይ፣ ማሞቂያው ይጠፋብናል» አልኳት።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ ሽታው ነው የተቀበለን፤ የበሰበሰ እንቁላል። ጭቃው ግራጫ ነው፣ እንደ ቆዳ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። ቦታውን የሚጠብቀው አንድ ቀይ ፊት እንግሊዛዊ ሰበሰበንና ያለ ፈገግታ ተናገረ። ጭቃው ላይ ከተነጠፈው የጭራሮ መንገድ አትውረዱ። ጭቃው እግር ይይዛል፤ የያዘውን በራሱ ፈቃድ አይለቅም። ውሃው ሲመለስ ከሰው እርምጃ ይፈጥናል። ፊሽካ ከሰማችሁ ሥራ ጥላችሁ ወደ ዳር ውጡ። ይህን ብሎ ለየቡድኑ መሪ ፊሽካ አደለ። ሊቀመንበሯ የራሷን ተቀብላ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ቀና ብላ አላየችኝም። እንዳየኋት ግን ታውቃለች።

ሥራው ድብደባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንድ ሰው ችካሉን ይይዛል፣ ሌላው በትልቅ የእንጨት መዶሻ አናቱን ይመታል። የኩባንያው ወጣቶች ቢሮ ውስጥ የታፈነ ንዴታቸውን በችካሉ ላይ አወጡት፤ የአለቆቻቸውን ስም እየጠሩ ይመቱ ነበር። ሲሰለቻቸው ጭቃ እያፈሱ ፊት ለፊት ይለጣጠፉ ጀመር፤ ሳቂታዋ ልጅም በካሜራዋ ትከተላቸዋለች። አንድ ነጭ የባሕር ወፍ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ሸርጣን በጀርባው ገልብጦ በሕይወት እያለ ይቦጫጭቃል። ለዚህ ወፍ ነው እንግዲህ የምንደክመው አልኩ በልቤ። እኔም መዶሻ ተቀብዬ መታሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ እመታለሁ ብዬ አላሰብኩም። ችካሉ እየጮኸ ሲገባ ደስ አለኝ።

ጎረቤቴ ችካል ስትይዝልኝ ቆይታ ጉልበቷ ስላስቸገራት የጭራሮው ክምር ላይ ቁጭ አለች። ያኔ ነው ፊሽካው የተነፋው።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ወጣቶቹ ውሃው መጣ ብለው መሮጥ ጀመሩ። እንግሊዛዊው ከሩቅ «ገና ነው! ማነው የነፋው?» እያለ ጮኸ። ሊቀመንበሯ ለእሱ አልነበረም የነፋችው። አካፋ ይዛ በጭራሮው መንገድ ወደ እኛ መጣችና ጎረቤቴ ፊት ቆመች።

«ተነሺ!» አለቻት። «ሰው ሁሉ እየሠራ!»

«ጉልበቴ ነው እትዬ። ትንሽ ልረፍ።»

ሊቀመንበሯ አካፋውን አዞረችው። እጀታውን ወደ ፊት። አልመታቻትም፤ እውነቱን ልናገር። የጎድን አጥንቷን ነው ጎሰም ያደረገቻት፣ ከብት እንደሚነዳ ሰው። ግን አካፋውን ያዞረችበት አኳኋን፣ የእጅ አንጓዋ አጠማዘዝ፣ ያው ነበር። እጅ አይረሳም። አፍ ይክዳል እንጂ እጅ አይክድም።

መዶሻውን ጣልኩት። ይዤው ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር። በሁለት እጄ ደረቷን ገፋኋት። ወደ ኋላዋ ተንገዳግዳ ከጭራሮው ወረደችና ጭቃው እስከ ጭኗ ዋጣት። አካፋው እዚያው ጭራሮው ላይ ወደቀ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል የአንገት ልብሴን ጨምድዳ ሳበችኝ። በፊቴ ተደፋሁባት። ጭቃ አፌ፣ ጭቃ ዓይኔ ውስጥ። በቡጢ ጆሮዋን መታሁ። ፀጉሬን ከሥሩ ያዘች። አፏን ልገፋ እጄን ስሰድ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ፤ አጥንቱ ድረስ። በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጥርስ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። የራሷ ነበር። አንዱም አልጎደለም።

ይህን ሳውቅ ምን እንደሆንኩ አላስታውስም። ጎረቤቴ በኋላ እንደነገረችኝ የሊቀመንበሯን ጭንቅላት ይዤ ጭቃው ውስጥ ነክሬዋለሁ። ወጣቶቹ አይተውናል። ግን እነሱም ጭቃ ሲለጣጠፉ ስለነበር ጨዋታ መሰላቸው፤ አንዱ እንዲያውም በፉጨት አበረታታን።

እኔ ከላይ ስለነበርኩ ብዙም አልሰመጥኩም። ጎረቤቴ ካናቴራዬን ጎትታ ጭራሮው ላይ አወጣችኝ። ሊቀመንበሯ እዚያው ቀረች። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ትወርዳለች። ከበስተጀርባዋ ረግረጉን በሚያቋርጥ ቀጭን ቦይ ውስጥ ውሃ መግባት ጀምሯል፤ ቡናማ፣ ዝም ያለ፣ አረፋ የሚገፋ። እንግሊዛዊው ሳንቃ ሊያመጣ ወደ ዳር ሮጠ፤ እሱ ግን ሩቅ ነበር። አካፋውን አነሳሁ። እጀታውን እኔ ያዝኩና ብረቱን ወደ እሷ ዘረጋሁ። ያዘችው።

«ሳቢኝ» አለች።

«መታሁ በይ።»

«ምን?»

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቦዩ ዳር። በአካፋው።»

«አብደሻል! ውሃው እየመጣ ነው!»

«ይምጣ።»

ጎረቤቴ ከኋላዬ «ኧረ በማርያም! ሴትዮ፣ ሰው ልትገድዪ ነው?» አለችኝ።

«ገና አልወሰንኩም» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ካናቴራዋ አብጦ ተንሳፈፈ። ደረቱ ላይ የተጻፈው የኩባንያው መፈክር ውሃው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ሊቀመንበሯ ወደ ዳር አየች፣ ወደ ውሃው አየች፣ ወደ እኔ አየች። ስትለምን አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አልለመነችም። አስባ ጨረሰች እንጂ።

«መታኋት» አለች።

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄዋለሁ። ስሰማው የማለቅስ ይመስለኝ ነበር። አላለቀስኩም። የቃሉ መጨረሻ ጆሮዬ ውስጥ ተሰነቀረ። መታኋት። እንደ እኩያዋ። ደጇ እንደመጣች ለማኝ። ያን ቀን «ተነሺ» ያለችው አፍ አሁንም ያው ነው።

እጀታውን አላላሁት። ጭቃው ድምፅ እያሰማ ወደ ኋላ ወሰዳት። ጮኸች።

«እናቴ እኩያሽ አይደለችም» አልኳት። «እንደ ሰፈሩ ሰው ተናገሪ!»

የምንነጋገረው በሌላ ቋንቋ ቢሆን ምን እንደምል አይገባትም ነበር። እሷ ግን ወዲያው ገባት። ውሃው ደረቷ ላይ ደርሷል፣ ነጭ ፀጉሯ ጭቃ ለብሷል፣ ከንፈሯ ላይ የእኔ ደም አለ። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ፣ ቀስ ብላ፣

«መታኋቸው» አለች።

ሳብኳት። ጎረቤቴ ወገቤን ይዛ አብራኝ ሳበች። እንግሊዛዊውም ደርሶ ሳንቃውን ከሥሯ አስገባ። ጭቃው ሲለቃት የበግ ቆዳ ሲገፈፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበረው። ቦቶቿ እዚያው ቀሩ። ጭራሮው ላይ ስትወድቅ እኔ ላይ ነው የወደቀችው፤ ለመነሳት ትከሻዬን ይዛለች፣ እኔም እንዳትነክሰኝ አንገቷን አንቄያለሁ። የሳቂታዋ ልጅ ካሜራ ቀጭ አለ።

በመኪናው ስንመለስ ጣቴ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሊቀመንበሯ ከፊት ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከሳቂታዋ ልጅ ትኩስ ሻይ ትቀበላለች። ተንሸራትቼ ወደቅኩ፣ እህቴ አወጣችኝ ብላቸዋለች።

«ሰምተሻል አይደል?» አልኳት ጎረቤቴን።

«ሰምቻለሁ።»

«ምስክሬ ነሽ።»

«ነኝ። ግን...» ጎኗን አሸት አደረገች። «‹መታኋቸው› ያለችው እናትሽን ነው፣ ወይስ ሁሉንም?»

«የምን ሁሉንም?»

«ቦዩ ላይ ስንት ሰው ነበር? ስንቱን መታች? እኔም ብሆን ‹መታኋቸው› ነው የምለው፣ ብዙ ከሆኑ።»

 ይህ የእኛ ቋንቋ አንድን ሰው ሲያከብር ብዙ ያደርገዋል። እኔ አንድ ሰው ነበር የጠየቅኩት። እሷ ምናልባት ቆጥራ መጨረስ ስላልቻለች ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልላ ጣለችልኝ። ምናልባት ደግሞ ለእናቴ በእርግጥ በቃሏ ከወንበሯ ተነሳችላት። ከዓይኗ ለማንበብ ሞክሬ ነበር። ጭቃ ብቻ ነበር ያለው።

በወሩ ኩባንያው አንድ ትልቅ ፎቶ በመስታወት አስገብቶ ላከልን። አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ከማሞቂያው በላይ ተሰቅሏል። ሁለት አሮጊቶች በጭቃ ተለውሰው ተቃቅፈዋል፤ አንዷ የሌላዋን አንገት ይዛለች፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጥርሳቸው ይታያል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «አንድ ላይ» ይላል። ሴቶቹ ሲያዩት እልል አሉ። ታረቁ አሉ። ያን ሽማግሌ ነፍሱን ይማር፣ የሱ ሽምግልና ነው ፍሬ ያፈራው አሉ። አንዷ እንዲያውም እንባ አውጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ ተነስቼ ከጠረጴዛው ማዶ ሄድኩ። ሊቀመንበሯ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ በዚያ ሙሉ ጥርሷ።

«ያን ቀን መታኋቸው ያልሽው ማንን ነው?» አልኳት። «አንቺ» ያልኩት ሁሉም ሰው እየሰማ ነው። ማንም አልገሰጸኝም፤ ታርቀናል ብለዋላ፣ ፍቅር መሰላቸው።

ሊቀመንበሯ ቆሎዋን ዋጠች። ፎቶውን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ጣቴ ላይ የቀረውን የጥርሷን ምልክት አየች።

«እኔ ምንም አላልኩም፣ የኔ ልጅ» አለች። «አፌ ውሃ ሞልቶት ነበር።»

ጎረቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ «ብለዋል! እኔ ሰምቻለሁ!» አለች። አዳራሹ ወደ እሷ ዞረ። ሊቀመንበሯ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ግን አልቆመችም፤ ተቀምጣ ነበርና አቋቋሙ አልመጣላትም።

ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ቃሉን ለእናቴ ወስጄዋለሁ። ሌሎቹም፣ በሕይወት ያለ ካለ፣ የየራሱን መጥቶ ከአፏ ይጎልጉል።